ግንብና ጎጆ፦ ስለ «ዘይ አር ቢሊየንስ» ጨዋታ ጠንካራና ደካማ ጎኖች
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ከተማ የሚነድፉ፣ ሕንፃ የሚያንጹ፣ መንገድና ውኃ የሚዘረጉ ባለሙያዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ስለ አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ መነጋገር፣ በመጀመሪያ ሲሰማ ከቁም ነገር የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአሁኑ ዘመን የመጀመሪያ ከተማቸውን በንድፍ ወረቀት ላይ ሳይሆን በስክሪን ላይ የቆረቆሩ ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነርሱም መካከል ወደ ሙያው የሚገቡ ይኖራሉ። መሬት እንዴት እንደሚደለደል፣ ኃይል ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ አንድ ነገር ሲጓደል ምን እንደሚከተል የመጀመሪያውን ግምት የሚያገኙት ከጨዋታው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ጨዋታ ስለ ከተማ የሚያስተምረውን ከሚደብቀው ለይቶ መመርመር ለባለሙያው እንግዳ ሥራ ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ንግግር የተመረጠው «ዘይ አር ቢሊየንስ» የተባለው ጨዋታ ነው፤ ትርጓሜውም «እነርሱ ቢሊዮኖች ናቸው» ማለት ነው። የተመረጠበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከተማ መገንባትንና ከተማ መከላከልን አንዱን ያለ ሌላው በማይቆምበት መንገድ አስተሳስሯል። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የተፈጸመ ስህተት እንደገና እንዳይታረም የሚከለክል ሕግ አለው። ይህ ሕግ ማንኛውም ገንቢ በሥራ ዘመኑ የሚገጥመውን ጥያቄ ያነሣል፤ ይኸውም የስህተት ዋጋ ምን ያህል መሆን አለበት? የሚለው ነው።

ወደ ጨዋታው ከመግባት በፊት የመጣበትን ዘር በአጭሩ መመልከት ይጠቅማል። የከተማ ግንባታ ጨዋታ በሰፊው የታወቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ዊል ራይት የነደፈው «ሲምሲቲ» ከወጣ በኋላ ነው። አመጣጡ የሚያስገርም ነው። ራይት ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ «ሬይድ ኦን በንግሊንግ ቤይ» የተባለ በሄሊኮፕተር የሚዋጉበት የጦርነት ጨዋታ ሠርቶ ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ሳለ የሚደበደቡትን ደሴቶች ለመንደፍ ያዘጋጀው መሣሪያ ከድብደባው ይልቅ እርሱን ራሱን ማረከው። እንግዲህ የታወቀው የከተማ ግንባታ ጨዋታ የተፀነሰው በጦርነት ጨዋታ ማኅፀን ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

የመከላከሉም ዘርፍ የራሱ ታሪክ አለው። አታሪ ጌምስ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው «ራምፓርት» በተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቹ በመድፍ ከተዋጋ በኋላ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ የፈረሰውን ግንብ መጠገን ነበረበት፤ ቢያንስ የአንዱን አምባ ዙሪያ ሳይዘጋ ጊዜው ካለቀበት ይሸነፋል። ከዚያም እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው «ዋርክራፍት 3» ለተጫዋቾች የራሳቸውን ካርታ የመሥራት ዕድል ስለ ሰጣቸው፣ በመንገድ ዳር ማማ እያቆሙ የሚጎርፈውን መንጋ የመመለስ ጨዋታ በእነርሱ እጅ ተስፋፋ። እ.ኤ.አ. በ2007 «ዴስክቶፕ ታወር ዲፌንስ» ይህንኑ ማንም ሰው በኢንተርኔት በቀላሉ ሊጫወተው በሚችልበት መልክ አቀረበው። በእነዚህ ጨዋታዎች ማማ እንጂ ከተማ የለም፤ በ«ሲምሲቲ» ደግሞ ከተማ እንጂ ዙሪያውን የሚከብ ጠላት የለም።

«ዘይ አር ቢሊየንስ» ሁለቱን ያገናኘ ሥራ ነው። የሠራው ኑማንሺያን ጌምስ የተባለ አነስተኛ የስፔን ድርጅት ሲሆን፣ ጨዋታው ገና ሳያልቅ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ለሽያጭ ቀረበ፤ ተሟልቶ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. ሰኔ 18 ቀን 2019 ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው የሰው ልጅ በወረርሽኝ ካለቀ በኋላ፣ በእንፋሎትና በብረት በሚንቀሳቀስ፣ የ19ኛውን መቶ ዓመት አውሮፓ በሚመስል ዓለም ውስጥ ነው። በወረርሽኙ የተለከፉት፣ በተለምዶ ዞምቢ የሚባሉት፣ ምድሩን ሞልተውታል። በዚህ ንግግር ልክፍተኞች ተብለው ይጠራሉ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። ተጫዋቹ በማይታወቅ ምድር መካከል አንድ ዋና ማዘዣና ጥቂት ወታደሮች ይሰጡታል። ድንኳን ሲተክል ሰፋሪ ይመጣል፤ ሰፋሪው ሠራተኛም ይሆናል፣ ወርቅም ይከፍላል። ሰፋሪው ግን ምግብና ኃይል ይፈልጋል። ምግብ ከአዳኝ፣ ከዓሣ አጥማጅና ከእርሻ ይገኛል፤ ኃይል ከነፋስ ወፍጮ ይመነጫል፤ እንጨትና ድንጋይ የሚያወጣው ተቋምም ሠራተኛ ይጠይቃል። ሠራተኛ ለማግኘት እንደገና ድንኳን ያስፈልጋል። ድንኳኑ በጊዜ ብዛት ወደ እንጨት ጎጆ፣ ጎጆውም ወደ ድንጋይ ቤት ያድጋል። ከተማው በሰፋ ቁጥር የሚጠበቀው ዙሪያ ይሰፋል፤ የልክፍተኞችም መንጋ በየጊዜው ይመጣል። መጨረሻ ላይ ታላቁ መንጋ ከአራቱም ማዕዘን ይነሣል። ዋናው ማዘዣ ከወደቀ ሁሉም ነገር አበቃ።

እንግዲህ ከጠንካራ ጎኖቹ እንጀምር።

የመጀመሪያው ጠንካራ ጎን ሥፍራን እንዲያነብቡ ማስገደዱ ነው። የአዳኝ ቤት የሚያስገኘው ምግብ በዙሪያው ባለው ደን፣ የዓሣ አጥማጁም በዙሪያው ባለው ውኃ ይወሰናል። ሁለት ዓሣ አጥማጆች አንዱን ውኃ ቢሻሙ የሁለተኛው ወጪ ከንቱ ይሆናል። ለእርሻ የሚሆነው ለም መስክ ለጊዜው ባዶ መስሎ ስለ ታየ ድንኳን የተከለበት ተጫዋች፣ ኋላ ላይ ሰፋሪውን የሚቀልብበት ምግብ ያጣል። ሐይቅና ተራራ ለልክፍተኞች የማይታለፉ ስለሆኑ፣ አስተዋይ ተጫዋች ግንብ ከማቆሙ በፊት ተፈጥሮ የዘጋችውንና የከፈተችውን በር ይቆጥራል። የመሬት ጥናት ከግንባታ እንደሚቀድም በቃል ከሚሰጥ ትምህርት ይልቅ ይህ በአእምሮ ይቀረጻል።

ሁለተኛው ጠንካራ ጎን፣ አደጋ እንዴት እንደሚዛመት ማሳየቱ ነው። አንድ ልክፍተኛ በአንዲት ያልተዘጋች ቀዳዳ ሾልኮ አንድ ድንኳን ቢሰብር፣ በውስጡ የነበሩት ሰፋሪዎች ራሳቸው ልክፍተኞች ሆነው ይወጣሉ። እነዚያ ቀጥሎ ያለውን ድንኳን ያጠቃሉ፤ የዚያኛውም ነዋሪዎች በተራቸው ይነሣሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከተማውን የሚያፈርሰው ከውጭ የመጣው ጠላት ሳይሆን የከተማው የራሱ ሕዝብ ይሆናል። በአማርኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ምክር በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሕግ ሆኖ ተጽፏል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግንቡን ማወፈር ብቻ አይደለም። ልምድ ያለው ተጫዋች ከውጭው ግንብ በስተ ውስጥ ሁለተኛ መከላከያ ያቆማል፤ መንደሮቹን እርስ በርስ ያራርቃል፤ በየመንደሩም ጥቂት ጠባቂ ያስቀምጣል። የእሳት አደጋን የሚያስብ መሐንዲስ ሕንፃን በክፍል በክፍል የሚለየው፣ እሳት እንዳይነሣ ብቻ ሳይሆን ከተነሣ በኋላም በአንድ ክፍል ተወስኖ እንዲቀር ነው። የኃይሉም አቅርቦት ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ኃይል ከሥፍራ ወደ ሥፍራ የሚተላለፈው «ቴስላ» በተባሉ ማማዎች ስለሆነ፣ አንዱ ማማ ሲወድቅ በእርሱ ብቻ የተያያዘው ሠፈር ሁሉ ሥራ ያቆማል። መላ ሥርዓት በአንድ ምሰሶ ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

ሦስተኛው ጠንካራ ጎን ለሐሳብ ጊዜ መስጠቱ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታዎች ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ጣቱ የፈጠነ ነው። በ«ዘይ አር ቢሊየንስ» ግን ተጫዋቹ በፈለገ ጊዜ ሁሉንም ነገር አቁሞ ካርታውን መመልከትና ትእዛዝ መስጠት ይችላል። መንጋ ሲነሣም ከየትኛው አቅጣጫ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገረዋል። የጦር መሣሪያ ድምፅ እንኳ በሒሳብ ውስጥ የገባ ነው፤ ቀስተኛዋ በጸጥታ ስትወጋ፣ የጠመንጃ ተኩስ ግን በሩቅ ያለውን ልክፍተኛ ይጠራል። ስለሆነም ኃይለኛው መሣሪያ ሁልጊዜ የተሻለው መሣሪያ አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹን ከጉልበት ማነስ ይልቅ ጥድፊያ ይጥለዋል።

በዚህ ላይ የአሠራር ጥበቡን መጨመር ይገባል። ሠሪዎቹ ጨዋታው እስከ 20,000 የሚደርሱ ተንቀሳቃሾችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ እንደሚችል አስታውቀዋል። መንጋው ከአድማስ ተነሥቶ እንደ ጎርፍ ሲወርድ የሚፈጠረው ፍርሃት ከዚሁ ብዛት የሚመነጭ ነው። አነስተኛ ድርጅት ይህን ያህል መሥራቱ ሊመሰገን ይገባዋል።

አሁን ወደ ደካማ ጎኖቹ እንሻገር።

ከሁሉም የከበደው፣ ቀደም ሲል የተጠቀሰው የስህተት ሕግ ነው። የመትረፍ ውድድር በሚባለው ዋናው የጨዋታ ዓይነት ተጫዋቹ የደረሰበትን ደረጃ አስቀምጦ፣ ቢሳሳት ወደዚያው መመለስ አይፈቀድለትም። ሥራው የሚቀመጠው ጨዋታውን ዘግቶ ሲወጣ፣ ከዚያው ለመቀጠል ብቻ ነው። ከተማው ከወደቀ የብዙ ሰዓት ድካም አብሮ ይወድቃል። በምሥራቅ በኩል ያለው ግንብ መሳሳቱን ያወቀው በመጨረሻው መንጋ ጊዜ የሆነ ተጫዋች፣ ያንን ስህተት ለማረም ከመጀመሪያው ድንኳን መነሣት አለበት። ያውም በዚያው ምድር ላይ ላይሆን ይችላል፤ ካርታው በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይወለዳልና።

ለዚህ ሕግ የሚቀርበው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ስህተት ዋጋ ከሌለው ጥንቃቄም ዋጋ የለውም፤ ተመልሶ ማረም ቢቻል ኖሮ ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ ማስተዋል በከሰመ ነበር ይባላል። ይህ እውነትነት አለው። በእውነተኛው ዓለምም የፈረሰ ድልድይ ተመልሶ ከትናንት አይጀመርም። እንዲያውም በዚህ ረገድ ጨዋታው ከብዙዎቹ ጨዋታዎች ይልቅ ለሕይወት የቀረበ ነው ሊባል ይችላል።

ነገር ግን የግንባታ ሙያ የስህተትን ዋጋ እንዴት እንዳቃለለ ማስታወስ ያስፈልጋል። ንድፍ በወረቀት ላይ የሚሠራው፣ ሞዴል በትንሹ የሚቀረጸው፣ አፈር የሚመረመረው፣ ሲሚንቶና ብረት በቤተ ሙከራ የሚፈተነው፣ የአንዱን ስሌት ሌላው የሚያርመው፣ ስህተት በሚረክስበት ሥፍራ ተሠርቶ እንዲያልቅና በሚወደድበት ሥፍራ እንዳይደገም ነው። በእርሳስ የተሰመረ መስመር በላጲስ ይጠፋል፤ በድንጋይ የተሰመረ ግን አይጠፋም። ጨዋታ በባሕርዩ የእርሳስ ሥፍራ ነው። «ዘይ አር ቢሊየንስ» ግን ተጫዋቹን በቀጥታ በድንጋይ ላይ እንዲነድፍ ያዘዋል። መሰናዶውን ነፍጎ ቅጣቱን ብቻ ይሰጠዋል። አንድ ግንብ ምን ያህል መንጋ እንደሚችል ለብቻው የሚፈተንበት፣ ውጤቱም የከተማውን ህልውና የማይነካበት መለማመጃ ሥፍራ በውድድሩ ውስጥ አልተዘጋጀም። ትምህርቱ የሚገኘው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። አንዳንድ ተጫዋቾች የጨዋታውን ፋይል ለብቻ እየገለበጡ በማስቀመጥ ሕጉን በጓሮ በር ማለፋቸው፣ ሸክሙ ለብዙዎች ከልክ ያለፈ መሆኑን ያመለክታል።

ሁለተኛው ድክመት፣ ከተማው ሰው የሌለበት ከተማ መሆኑ ነው። ሰፋሪው ሠራተኛና ወርቅ ተብሎ ይቆጠራል፤ ከዚያ በላይ አይታወቅም። ከድንኳኑ ወጥቶ ወደ ሥራ አይሄድም፤ ስለዚህም ጎዳና አያስፈልገውም። ልጅ የለውምና ትምህርት ቤት አይጠይቅም። ግብር በዛብኝ ብሎ አያጉረመርምም፤ ቅር ተሰኝቶም ከተማውን ጥሎ አይሄድም። በ1989 በወጣው «ሲምሲቲ» እንኳ ነዋሪው ቀረጡ ሲበዛበት፣ መንገዱ ሲጨናነቅበት ይሰደድ ነበር። በዚህኛው ግን ቤቶች ተጠጋግተው ቢተከሉ የሚከፋው የለም። ጥሩው አሰላለፍ ብዙ ድንኳን በትንሽ ቦታ የሚያጭቀው ነው። ጨዋታው ሥፍራን እንዲያነብቡ ያስተማረውን ያህል፣ ነዋሪን እንዲዘነጉ ያስተምራል።

የድርጅቱ ስም ኑማንሺያ የተባለችውን የጥንት የስፔን ከተማ ያስታውሳል። ያችን ከተማ ሮማዊው ስኪፒዮ ኤሚሊያኑስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 ድል የነሣት ግንቧን ሰብሮ በመግባት አልነበረም። ዙሪያዋን በራሱ ግንብና ማማ አጥሮ ምግብ እንዳይገባላት ከለከለ፤ እርሷም በረሃብ ወደቀች። የኑማንሺያ ታሪክ ግንብ ያልተነካበት ከተማም ሊወድቅ እንደሚችል ይመሰክራል፤ የከተማ የመጨረሻ ምሽግ በውስጡ ያለው ሰው ነውና። በጨዋታው ግን የሚራብ፣ የሚታገሥ፣ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው አይታይም። ምግብ ሲያጥር አዲስ ድንኳን መትከል ይቆማል እንጂ ማንም አይጮኽም።

ሦስተኛው ድክመት የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2019 በተጨመረው ዘመቻ ውስጥ ነው። «አዲሱ መንግሥት» ሊባል የሚችለው ይህ ክፍል 48 ተልእኮዎች አሉት። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ውድቀት በአንድ ተልእኮ ስለሚወሰን ከላይ የተነቀፈውን የስህተት ዋጋ ሊያቃልል ይችል ነበር። ነገር ግን ከተማ ለመገንባት የመጣውን ተጫዋች በተደጋጋሚ ከሥራው አውጥቶ፣ አንድ ጀግና በጨለማ ምሽግ ውስጥ እየመራ በየጥጉ የተጣሉ ጥቃቅን ዕቃዎችን እንዲለቅም ያደርገዋል። በሌሎቹም ተልእኮዎች መደበኛ የሆኑ መሣሪያዎች አስቀድመው ተቆልፈው ስለሚሰጡ፣ ተጫዋቹ የሚያውቀውን ለመሥራት ፈቃድ እስኪያገኝ ረጅም ጊዜ ይጠብቃል። ችግርን በመጨመር ፈንታ መሣሪያን በመንሳት የሚገኝ ክብደት ርካሽ ክብደት ነው።

ይህ ሁሉ ሌላ መንገድ እንደሌለ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ግሪዝሊ ጌምስ የተባለው የጀርመን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ያቀረበው «ትሮንፎል» ቀን እየገነቡ ሌሊት የሚከላከሉበት ጨዋታ ነው። ሕንፃ የሚቆምባቸው ሥፍራዎች አስቀድመው የተመደቡ ስለሆኑ የ«ዘይ አር ቢሊየንስ»ን ያህል የመሬት ጥበብ አይጠይቅም። ነገር ግን አንዱ ምዕራፍ በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅ፣ የተሸነፈው ተጫዋች ምን እንዳጠፋ ሳይረሳ እንደገና ይሞክራል። የመጀመሪያው ጥልቀት ከሁለተኛው አጭርነት ጋር ቢጋባ ኖሮ፣ ለጨዋታም ለትምህርትም የተሻለ ሥራ በተገኘ ነበር።

የተከበራችሁ ባልደረቦች!

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ጨዋታውን መጣልም ሆነ ማወደስ አይደለም። «ዘይ አር ቢሊየንስ» የሥፍራን ዋጋ፣ የአደጋን መዛመት፣ የጥንቃቄን ክብር ከብዙ ጨዋታዎች በበለጠ የሚያሳይ ብርቱ ሥራ ነው። ብርታቱም ድክመቱም የሚፈልቁት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ይኸውም ስህተትን አለመማሩ ነው። ስህተትን ያለመማሩ ተጫዋቹን ያነቃዋል፤ ነገር ግን ከስህተቱ የሚማርበትን ጊዜ ይነጥቀዋል።

ስለሆነም በዚህ ጨዋታ ተማርኮ ወደ ሙያው የሚመጣ ወጣት ሲገኝ፣ በእጁ ያለውን ዕውቀት መናቅ ተገቢ አይሆንም። ኃይል በአንድ ማማ ላይ ብቻ መንጠልጠል እንደሌለበት፣ ከግንቡ በስተ ኋላ ሁለተኛ ግንብ እንደሚያስፈልግ አውቆ መጥቷል። የጎደሉትን ሁለት ነገሮች መስጠት ግን የአንጋፋው ባለሙያ ድርሻ ነው። አንደኛው እርሳስና ላጲስ ነው፤ ማለትም ሳይፈሩ የሚሳሳቱበት፣ ተሳስተውም የሚታረሙበት የንድፍ ጠረጴዛ። ሁለተኛው ደግሞ ጎጆውን አንኳኩቶ በውስጡ የሚኖረውን ሰው መጠየቅ ነው። ጨዋታው ግንብ እንዴት እንደሚቆም አስተምሮታል። ግንቡ ለማን እንደሚቆም የሚያውቀው ግን ከዚያ ጎጆ ውስጥ ካለው ሰው ነው።